ቢስክሌትና የኮረኮንች መንገድ፤ ትንሽ ቍስልን ስላለመናቅ

ፈረስ ሣርና ገብስ ይፈልጋል፤ መኪና ነዳጅ ይፈልጋል። ቢስክሌት ግን ከባለቤቱ ጕልበትና ከጥቂት ዘይት በቀር የሚፈልገው ነገር የለም። ስለዚህም ከአስፋልት ርቆ ለሚኖረው ለገጠሩ ሕዝብ፣ ለተማሪው፣ ለመምህሩ፣ ለነጋዴውና ለጤና ሠራተኛው ሁሉ እጅግ የሚስማማ መጓጓዣ ነው። ነገር ግን ማናቸውም ጠቃሚ ነገር ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ያልጠበቀ ሰው ጥቅሙን ሲፈልግ ጕዳቱን ያገኛል። በዚህ ጽሑፍ በኮረኮንች መንገድና በጫካ ውስጥ በቢስክሌት ስለ መሄድ፣ በተለይም በመንገድ ላይ ስለሚደርሰው ትንሽ ቍስል ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንሞክራለን። በዚህ ነገር የራሴ የሆነ ጥፋት ስላለብኝ እርሱንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ስለ መንገዱ

እኔ የምሠራው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው ደጋ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ አንኮበርና ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ሲሄዱ የደጋው ሜዳ በድንገት ያልቅና አገሩ ወደ ቆላው ቍልቍል ይወርዳል። በዚህ ገደል ጥግ የወፍ ዋሻ ጫካ ይገኛል። በጫካው ውስጥ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይበቅላሉ፤ ወደ ላይ ከፍ ሲሉም አስታ ይገኛል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የመናገሻ ጫካ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሲተከል የጽዱ ዘር ከዚሁ ከወፍ ዋሻ እንደ ተወሰደ በአፈ ታሪክ ይነገራል።

በዚህ አገር ወደ ቀበሌዎች የሚወስዱት መንገዶች አብዛኞቹ ጠጠር የተደፋባቸው ናቸው። በጠጠር መንገድ ላይ መኪና በተመላለሰ ቍጥር መሬቱ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ እየተሸበሸበ ይሄዳል። የመኪናው ጎማ የሚረግጠው ስፍራ ይጠነክራል፤ የላላው ጠጠር ግን በመንገዱ መካከልና በዳሩ፣ ይልቁንም በመታጠፊያው ላይ ይከማቻል። የጫካው መንገድ ደግሞ ከዚህ ልዩ ነው። እርሱ በሰውና በከብት እግር የተጠረገ፣ የዛፍ ሥር የሚያቋርጠው፣ እርጥብ ቅጠል የተነጠፈበትና ፀሓይ እንደ ልብ የማያገኘው ጠባብ መንገድ ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ መሆኑን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም።

ቢስክሌት ለጤና ስለሚሰጠው ጥቅም

ካርል ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ ሁለት መንኰራኵር በአንድ መስመር አድርጎ፣ በላዩ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1817 ነበር። የዚያን ጊዜው ቢስክሌት ፔዳልም በአየር የሚነፋ ጎማም አልነበረውም። እንስሳትን ያክም የነበረው ጆን ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ በቤልፋስት ከተማ ሠርቶ በ1888 ካስመዘገበ በኋላ ግን ቢስክሌት የኮረኮንቹን ንረት የሚችል ሆነ። በአገራችንም ቢስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) በሜልቦርን በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌተኞችንም ልካለች፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ሥራው ወንበር ላይ የሆነ ሰው ይህን በቢስክሌት ሊፈጽመው ይችላል። ልብና ሳንባ ይጠነክራሉ፤ የደም ግፊት ይቀንሳል፤ ስኳር በሽታም በቀላሉ አይደፍርም። ጕልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች እንኳ የሰውነት ክብደት በኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ ከሩጫ ይልቅ ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለ። በእግር ሁለት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በቢስክሌት አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ፣ የጤና ሠራተኛዋ በአንድ ቀን ብዙ ቤት ለመጐብኘት ትችላለች። «ሴት ልጅ በቢስክሌት አትሄድም» የሚለውም ሐሳብ ከሕክምና በኩል ምንም መሠረት የለውም።

እኔ ቢስክሌትን የለመድሁት ለትምህርት በሆላንድ አገር በነበርሁበት ጊዜ ነው። በዚያ አገር የቢስክሌቱ ቍጥር ከሰዉ ቍጥር ይበልጣል። በዕረፍት ቀናችን በአርንሄም ከተማ አጠገብ ባለው በቬሉወ ጫካ ውስጥ፣ በአሸዋውና በጠጠሩ መንገድ ከጓደኞቼ ጋር እንሄድ ነበር። እነርሱ ከቤት ሲወጡ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ቦርሳ በኮርቻቸው ሥር ያስራሉ፤ በውስጧም ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅና የጎማ መጠገኛ አለ። ከጫካው ሲመለሱም መዥገር ነክሷቸው እንደ ሆነ ለማወቅ ሰውነታቸውን ይፈትሻሉ፤ በዚያ አገር መዥገር ላይም የተባለ በሽታ ያመጣልና። እኔም ወደ አገሬ ስመለስ እንደ እነርሱ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ከቢስክሌቴ ጋር አሰርሁ። ቦርሳው መታሰሩ ብቻውን ምንም እንደማይጠቅም ያስተማረኝ ግን ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ነው።

በመንገድ ላይ የሆነው ነገር

አምና በጥቅምት ወር፣ በገበያ ቀን፣ ጧት ለስብሰባ ስገሠግሥ በአንድ ቍልቍለት መታጠፊያ ላይ አንድ ልጅ ወድቆ አገኘሁ። ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ዓመት የሆነ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ልጅ ነው። በቢስክሌቱ ኋላ ድንች ጭኖ ወደ ገበያ ሲወርድ የፊቱ ጎማ በላላው ጠጠር ላይ ተንሸራቶበት ነበር። ድንቹ በመንገዱ ተበትኖ እርሱን ሲለቅም ደረስሁ። ጕልበቱ ላይ የተገሸለጠው ቦታ የመዳፍ ያህል እንኳ አይሆንም፤ ነገር ግን ከበታቹ አንድ ጠባብና ጠለቅ ያለ ቀዳዳ ነበረ፤ አፈርና ጠጠርም ገብቶበታል።

«ተጐዳህ ወይ?» አልሁት።

«ደኅና ነኝ ጋሼ፤ ድንቹ ነው የተጐዳው» ብሎ ሣቀ።

«አይዞህ፤ ቤትህ ስትደርስ በሳሙና ታጠበው» ብዬው ቢስክሌቴን ነዳሁ። ስብሰባው በሦስት ሰዓት ነበር። በቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሊትር የፈላ ውሃና ሳሙና ነበረ።

ልጁ ድንቹን ሸጦ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሲመሽ ነው። ደሙ ደርቆ ስለ ነበረ ማጠቡ አስፈላጊ አልመሰለውም። ለጥንቃቄ ብለው አመድና የተወቀጠ ቅጠል ደፈኑበት። ቍስሉም ከላይ ሻረ። በዘጠነኛው ቀን ጧት ግን እንጀራ ለመጕረስ አፉን ለመክፈት አቃተው። ጥርስ ሕመም ነው አሉ። በማግሥቱ አንገቱ ደረቀ። ያን ጊዜ ቡዳ ነው ተብሎ አንድ ቀን ደግሞ በከንቱ አለፈ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ወደ እኛ ሲያመጡት ጀርባው እንደ ደጋን ተለጥጦ ነበር።

ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። በዚያም በጨለመና ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አምስት ሳምንት ተኛ። በር ሲዘጋ በሚሰማው ድምፅ ብቻ ሰውነቱ ሁሉ ይኮማተር ነበር፤ አእምሮው ግን አንዲት ሰዓት እንኳ አልተሳተም፤ ሕመሙን ሁሉ ያውቀው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ልጠይቀው ስሄድ እናቱ ከክፍሉ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጌታዬ፣ ያን ለት በመንገድ ሲያገኙት ውሃ አልያዙም ነበር?» አሉኝ።

«ይዤ ነበር፣ እናቴ» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ልጃቸው ገቡ።

ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ትጋት ዳነ። ነገር ግን በዚህ በሽታ የተያዘ ሁሉ እንደ እርሱ አይድንም። ይህን ሁሉ መከራ ሊያስቀር ይችል የነበረው ነገር የአንድ ሊትር ውሃ፣ የትንሽ ሳሙናና የዐሥር ደቂቃ ጕዳይ፣ ከዚያም በኋላ የአንድ መርፌ ጕዳይ ነበር። ስለዚህ የበሽታውን ጠባይ አንባቢ በሚገባ እንዲያውቀው ያስፈልጋል።

መንጋጋ ቆልፍ ምንድን ነው?

ቴታነስ ወይም በአገራችን አጠራር መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ጀርም በአፈር ውስጥ፣ እንዲሁም በፈረስ፣ በበቅሎ፣ በአህያና በከብት ፋንድያና እበት ውስጥ ይኖራል። ጀርሙ በአፈር ውስጥ ሲቈይ እንደ ደረቅ የእህል ዘር ቅርፊት አበጅቶ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቀመጣል። ጃፓናዊው ሐኪም ኪታሳቶ ይህን ጀርም ለይቶ ለብቻው ያሳደገው እ.ኤ.አ. በ1889 ሲሆን፣ በተከታዩም ዓመት ከጀርመናዊው ከቤሪንግ ጋር ሆኖ የመርዙ ማርከሻ በደም ውስጥ እንደሚገኝ አስረዳ።

የጀርሙ ዘር የሚበቅለው አየር በማይደርስበት ስፍራ ነው። ስለዚህም ሰፊ ሆኖ ደም ከሚፈሰው ቍስል ይልቅ ጠባብና ጠለቅ ያለው፣ በውስጡም አፈር የቀረበት ቍስል ይበልጥ ያሠጋል። ከላይ ሲሽር ከውስጥ ይዘጋል፤ ጀርሙም በተዘጋው ቤት ውስጥ መርዙን ይሠራል። መርዙም በነርቭ በኩል እየሄደ ጡንቻዎችን ያኮማትራል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚያዘው መንጋጋ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ነገር ግን አንድ ሰው ታሞ ከዳነ በኋላ እንኳ ሰውነቱ መከላከያ አያገኝም፤ ደግሞ ሊይዘው ይችላል። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሕፃናት በተወለዱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የቴታነስ መከላከያ የተጨመረበት ክትባት ይሰጣቸዋል። ይህ ግን ዕድሜ ልክ አይበቃም፤ ኀይሉ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል። ሴቶች ለመውለድ በሚደርሱበት ዕድሜና በእርግዝናቸው ጊዜ ክትባቱን ስለሚያገኙ ራሳቸውም የሚወልዱትም ሕፃን ይጠበቃሉ። ጐልማሶች ወንዶች ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስመጣ እንዲህ ያለ ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ በእርሻ፣ በድንጋይ ሥራና በቢስክሌት ከማንም ይበልጥ የሚቈስለው ሰው ከማንም ያነሰ መከላከያ አለው። ቢስክሌት የሚጋልብ ጐልማሳ ሁሉ ሳይቈስል አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ይገባዋል።

በመንገድ ላይ ስለ ቍስል አያያዝ

1ኛ/ የወደቀ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከመንገዱ ዳር ይውጣ። በዚያ መታጠፊያ እርሱን ያላየ መኪና ሊመጣ ይችላል።

2ኛ/ ቍስሉን የሚያጥበው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከዚያም ንጹሑን ውሃ በቍስሉ ላይ በብዛት ያፍስ፤ ዙሪያውንም በሳሙና ይጠብ። ውሃው እየፈሰሰ አፈሩንና ጠጠሩን ይዞ እንዲወርድ መታገሥ ያስፈልጋል። በጥልቅ የተቀረቀረ ድንጋይ ወይም ስንጥር ካለ ግን በመርፌና በእሾህ መጐርጐር አይገባም፤ ለጤና ባለሙያ ይተው።

3ኛ/ ደም የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ በላዩ አድርጎ ዐሥር ደቂቃ ያህል አጥብቆ መጫን ነው። «ቆሟል ወይ?» እያሉ በየደቂቃው ጨርቁን መግለጥ ደሙን መልሶ ያስነሣዋል።

4ኛ/ አመድ፣ የቡና ዱቄት፣ እበት፣ የተወቀጠ ቅጠል፣ ቅባትና ጋዝ በቍስል ላይ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አባቶቻችን ይህን ያደርጉ የነበረው ደሙን ለማቆም ሲሉ ነው፤ ሐሳባቸው መልካም ነበር። ነገር ግን አፈርን በአመድና በእበት መክደን ጀርሙ በሰላም እንዲያድግ ቤት መሥራት ነው።

5ኛ/ ቍስሉ አፈር የገባበት ወይም ጠለቅ ያለ ከሆነ በዚያው ዕለት፣ ቢዘገይ በማግሥቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። እንዲህ ያለ ቍስል ያገኘው ሰው የመጨረሻውን የቴታነስ ክትባት ከወሰደ አምስት ዓመት ያለፈው ከሆነ ወይም መከተቡን የማያስታውስ ከሆነ ባለሙያው ይከትበዋል። «ትንሽ ናት» ብሎ መናቅ አይገባም፤ የዚያም ልጅ ቍስል ትንሽ ነበረች።

6ኛ/ ራሱን የተመታ ሰው ቢያስመልሰው፣ ቢያንቀላፋ፣ ንግግሩ ቢዘበራረቅ ወይም ለጥቂት ጊዜ እንኳ ራሱን ስቶ ከነበረ ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ተኝቶ ይሻለዋል ማለት አደገኛ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እንዳይወድቁ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ከቍስል ይልቅ አለመውደቅ ይሻላል። በመጀመሪያ ቢስክሌቱ ለሰውየው ልክ ይሁን። በኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያደርግ እግሩ ቀጥ ካለ ቁመቱ ተስማምቷል። ኮርቻው እጅግ ዝቅ ካለ ጕልበት ይታመማል፤ እጅግ ከፍ ካለ ወገብ ይታመማል፤ በኮረኮንች ላይም እግርን ቶሎ መሬት ማስነካት ያስቸግራል።

ጎማው ለአስፋልት እንደሚነፋው እጅግ ተወጥሮ መነፋት የለበትም። የተወጠረ ጎማ በጠጠር ላይ ይዘላል እንጂ አይይዝም። በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥቂት የሚለግም ቢሆን ይመረጣል፤ ነገር ግን ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው እስኪነካ ድረስ መርገብ የለበትም። ሁለቱንም ፍሬኖች ከቤት ሳይወጡ መፈተን ያስፈልጋል። ፍሬኑ የማይሠራ ቢስክሌት ይዞ ቍልቍለት መውረድ ልጓም የሌለው ፈረስ ላይ እንደ መቀመጥ ነው።

ቍልቍለት ሲወርዱ ፍሬን የሚያዘው መታጠፊያው ላይ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ነው። ከሁለቱ ፍሬኖች ይበልጥ የሚያቆመው የፊተኛው ነው፤ በላላ ጠጠር ላይ ግን በድንገት ጨብጠው ቢይዙት የፊቱ ጎማ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁለቱንም በዝግታ እያጠበቁ መያዝ ይገባል። ልጁን የጣለው ይህ ነው፤ ድንቹ ከኋላ እየገፋው በመታጠፊያው መካከል የፊተኛውን ፍሬን ጨበጠ። ጭነት የያዘ ሰው ጭነቱን በግራና በቀኝ አመዛዝኖ፣ ዝቅ አድርጎና አጥብቆ ይሰረው፤ ቍልቍለቱም ካስፈራው ወርዶ ይግፋው። ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም።

ቆርቆሮ በሚመስለው መንገድ ላይ ፈረሰኛ በእርካቡ ላይ እንደሚቆም ከኮርቻው ጥቂት ብድግ ብሎ፣ ጕልበትና ክርንን ሳያደርቁ መሄድ ነው። መሪውን አጥብቆ መጨበጥ ክንድን ያደክማል እንጂ ቢስክሌቱን አያቀናውም። ዓይን ወደሚሄዱበት ይመልከት፤ የፈሩትን ድንጋይ ትኵር ብለው ቢያዩት ቢስክሌቱ ወደዚያው ይሄዳል።

ነጠላና ጋቢ ለብሰው የሚጋልቡ ሰዎች ጫፉን ጠቅልለው ይሰሩት፤ በሰንሰለቱ ወይም በኋላው ጎማ ቢጠመጠም ሰውየውን አንቆ ይጥለዋል። የሱሪ ጫፍም በካልሲ ውስጥ ይግባ። የራስ ቍር የሚገኝ ከሆነ ማድረግ ይገባል፤ በራስ ቅልና በአንጎል ላይ የሚደርሰውን ጕዳት በብዙ እንደሚቀንስ በሕክምና የተረጋገጠ ነው። ከብት፣ ጭነት የያዘ አህያ ወይም ሽማግሌ ሲያገኙ ከሩቅ ደወል መደወል፣ ፍጥነት መቀነስና ሰላምታ መስጠት የጨዋ ሰው ሥራ ነው። የደነገጠ በሬ ወደየት እንደሚዞር አይታወቅም።

በጫካ ውስጥ

በጫካው መንገድ ላይ ከሁሉ የሚያሠጋው እርጥብ የዛፍ ሥር ነው። ሥሩን በአግድም ሲሻገሩ ጎማው እንደ ሳሙና ያሟልጨዋል፤ ስለዚህ በቀጥታ፣ መሪውን ሳያዞሩና ፍሬን ሳይዙ መሻገር ነው። ከፀሓይ ወደ ጥላ ሲገቡ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ጊዜ ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ዓይን ያጠፋል። ጀምበር በሜዳው ሳለች በጫካው ውስጥ መሽቷልና የመመለሻን ሰዓት አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ወደ ጫካ ብቻን አለመግባት፣ የሚሄዱበትንም አቅጣጫ ለቤተ ሰብ ነግሮ መሄድ ብልኅነት ነው። በከባድ ክረምት ደግሞ የጫካውን መንገድ መተው ይሻላል። ጎማው በጭቃው የሚቈፍረው ቦይ የጎርፍ መንገድ ሆኖ አፈሩን ይወስደዋል።

ስለ ውሃ፣ ስለ እግርና ስለ ውሻ

ከጫካ የሚወርድ ምንጭ ጠርቶ ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ከላይ ግን ከብት ይጠጣበታል፤ ሰውም ይጸዳዳበታል። ስለዚህ የሚጠጣውን ውሃ ከቤት አፍልቶ መያዝ ነው። ደጋ አገር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከፍታ ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ከዚህም የተነሣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል በእሳቱ ላይ መቈየት አለበት። በደጋ ብርድ ውሃ አይጠማንም ብሎ መዘንጋትም ስሕተት ነው፤ ዳገት የሚወጣ ሰው በብርድም ያልበዋል።

በባዶ እግር ቢስክሌት መንዳት አይገባም። ፔዳሉ እግርን ከማቍሰሉም ሌላ፣ በአንዳንድ የደጋ አገሮች ያለው ቀይ አፈር ባዶ እግሩን በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ገብቶ በብዙ ዓመት ውስጥ እግርን የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ እርግማን አይደለም፤ ከዘር ወደ ዘርም በመርገም አይወርድም፤ በጫማና እግርን በየቀኑ በሳሙና በመታጠብ የሚከለከል ነው።

ውሻ ሲያባርር መሮጥ ያስከትለዋል እንጂ አያስቀረውም። ቆሞ፣ ወርዶ፣ ቢስክሌቱን በራስና በውሻው መካከል ማድረግ ይሻላል። ከነከሰ ግን ቍስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት በወቅቱ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ «ውሻውን እስቲ እንየው» ብሎ መጠበቅ አይገባም።

መደምደሚያ

ልጁ በጥር ወር ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ከሆስፒታል ሲወጣ የመጀመሪያውን ክትባት ተቀበለ፤ በአራተኛው ሳምንት ሁለተኛውን ወሰደ፤ ከስድስት ወር በኋላም ሦስተኛውን ጨረሰ። በዚያን ቀን ወንድሙንና ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ስለ መጣ አራቱንም አስተናገድናቸው። ቢስክሌቱን ከደጃፉ አቁሞት ነበር። በኮርቻው ሥር ከአሮጌ ሸራ የተሰፋች ቦርሳ አየሁና «ማን ሰፋልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እናቴ ናት ጋሼ፤ ውሃውንም ሁልጊዜ ማታ እርሷ ታፈላዋለች» አለኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ የወደቀ ሰው ሳገኝ ቢስክሌቴን አቆማለሁ። በዚህም ምክንያት ሁለት ጊዜ ለስብሰባ ዘግይቼ ተወቅሻለሁ። ወቀሳውንም ተቀብያለሁ።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ በቢስክሌት ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ሁሉ አራት ነገር ከቤቱ ይዞ ይውጣ፤ እነርሱም አንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ሳሙና፣ የታጠበና የተተኰሰ ጨርቅ፣ የጎማ መጠገኛም ናቸው። አምስተኛው ግን በቦርሳ የሚያዝ አይደለም፤ ከሰባራ ድንጋይ አጠገብ የተቀመጠ መንገደኛ ሲያዩ ወርዶ ማጠብ ነው። የመከተቢያ ካርዳችሁን ዛሬውኑ ፈልጉ፤ ካጣችሁትም በዚህ ሳምንት ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ሂዱና ጠይቁ።